‘ቱ’ በልደታ ሰማይ

እንግሊዞች ዛሬ ‘ቱ’ የሚሏት መስተዋድድ ከ1,000 ዓመት በፊት ‘ቶ’ ነበረች። ሥራዋ ያኔም አቅጣጫ መጠቆም ነው፤ ወደ ቤት፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ንጉሥ። ጀርመኖች ‘ጹ’፣ ሆላንዶች ‘ተ’ እያሉ እስከ ዛሬ የሚጠቀሙባቸው ቃላት እኅቶቿ ናቸው። በእኛ አገር በዚያው ዘመን ብራና ላይ የሚጽፉ ሊቃውንት ለዚሁ ሥራ ‘ኀበ’ን እና ‘ለ’ን ያውሉ ነበር። የቅኔ ቤት መምህራን እንዲህ ያሉትን ጥቃቅን ቃላት ‘አገባብ’ ይሏቸዋል፤ ዐቢይ፣ ንዑስና ደቂቅ ብለው ከፍለው ያስተምሯቸዋል። ደቂቅ ስለተባለ የሚታለፍ የለም። ተማሪው ግስ ቢያውቅ አገባብ ካላወቀ ቅኔው አይቆምለትም። ይህን የቅኔ ቤት ልማድ ወደ ኋላ ስለምፈልገው አንባቢ ይያዝልኝ።

የእንግሊዝኛዋ ‘ቶ’ ግን ሥራ እየበዛባት ሄደ። መጀመሪያ አቅጣጫ ብቻ ነበረች፤ ከዚያ ዓላማን መግለጽ ጀመረች፤ በመጨረሻም ከግስ ፊት ቆማ የግሱ አካል እስክትመስል ድረስ ተላመደች። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። እኛም ‘ለእናቴ’ ስንል የምንጠቀምባትን ‘ለ’ ‘ለመጠጣት’፣ ‘ለመሄድ’ ስንል እንደገና እናገኛታለን። ‘ለ’ ከሰው ወደ ዓላማ የተሻገረችበት መንገድና ‘ቶ’ የሄደችበት መንገድ አንድ ዓይነት ነው። አጽንኦት ሲሰጣት ደግሞ ‘በተጨማሪ’ እና ‘ከልክ በላይ’ የሚል ትርጉም ያዘች። ይህችኛዋ ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ አንድ ፊደል ተጨምሮላት ለብቻዋ መጻፍ ጀመረች። ድምፁ ግን ያው ነው።

ሦስተኛዋ ከሌላ ቤት የመጣች ናት። በጥንቱ እንግሊዝኛ ሁለት ቁጥር ‘ትዋ’ ይባል ነበር፤ ከ‘ቶ’ ጋር የሚያምታታው ነገር አልነበረም። ከጊዜ በኋላ አናባቢው እየከበበ ከ‘ኡ’ ሲጠጋ ‘ው’ን ዋጣት። ዊልያም ካክስተን እ.ኤ.አ. በ1476 የማተሚያ መኪና እንግሊዝ አገር ካስገባ በኋላ የቃላት አጻጻፍ እየረጋ ስለሄደ፣ ፊደሏ በወረቀት ላይ ቀረች፤ ከአንደበት ግን ጠፋች። በዘመዶቿ ላይ ግን ዛሬም ትሰማለች፤ አሥራ ሁለት ሲሉ ‘ትዌልቭ’፣ ሃያ ሲሉ ‘ትዌንቲ’፣ መንታ ሲሉ ‘ትዊን’ ይላሉ። እንግዲህ በዚህ ሁሉ ጉዞ መጨረሻ አቅጣጫ፣ ተጨማሪና ሁለት፣ ሦስቱም በጆሮ ‘ቱ’ ሆነው ቀሩ። ለ400 ዓመት ያህል ይህ ማንንም አልጎዳም። ሰው ፊት ለፊት ሲነጋገር ዓይንም እጅም ያግዛል።

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የረገጠው የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ደረሰ። ፖቴዝ 25 የተባለ የፈረንሳይ ሥሪት ሲሆን ከጅቡቲ ያመጣው አንድሬ ማዬ የሚባል ፈረንሳዊ ነበር። ያን ጊዜ የአገሪቱ የተማረ ክፍል የሚያውቀው የባዕድ ቋንቋም በአብዛኛው ፈረንሳይኛ ነው። እንግሊዝኛ ቦታውን የያዘው ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ፣ በትምህርት ቤትም በመሥሪያ ቤትም በኩል ነው። በሰማይ በኩል የገባው ደግሞ በልደታ ነው።

የልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስሟን ለሰፈሩ ሰጠች፤ ሰፈሩ ለአውሮፕላን ማረፊያው ሰጠ። ጳጉሜን 3 ቀን 1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ቲ.ደብልዩ.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር ተዋዋለ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተመሠረተ፤ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው መደበኛ በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ተደረገ። መነሻ ካፒታል የሆኑት አውሮፕላኖች አምስት ሲ-47 ነበሩ፤ ከዓለም ጦርነቱ የተረፉ፣ ወታደርና ዕቃ ለማጓጓዝ የተሠሩ። መንገደኛው በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጣል፤ መካከሉ የጭነት ቦታ ነው። አብራሪዎቹ፣ መካኒኮቹ፣ አለቆቹ አሜሪካውያን ነበሩ። ስለዚህ በልደታ ሰማይ ላይ የሚሰማው እንግሊዝኛ የለንደን ሳይሆን የካንሳስና የሚዙሪ እንግሊዝኛ ነበር ብል ከእውነቱ አልርቅም፤ የቲ.ደብልዩ.ኤ. ዋና መሥሪያ ቤት ካንሳስ ሲቲ ነበርና።

ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1944፣ የሲቪል አቪዬሽን ዓለም አቀፍ ስምምነት ቺካጎ ላይ ተፈርሞ ነበር። ከዚያ ስምምነት የተወለደው ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ እ.ኤ.አ. በ1951 ለዓለም አቀፍ በረራ የሬዲዮ ንግግር እንግሊዝኛ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1 ቀን 1956 ደግሞ ‘አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ’ የሚለው የፊደል አጠራር ሥራ ላይ ዋለ። ቁጥሮችም ተስተካከሉ። ሦስት ‘ትሪ’፣ አራት ‘ፎወር’፣ አምስት ‘ፋይፍ’፣ ዘጠኝ ‘ናይነር’፣ ሺህ ‘ታውዛንድ’ ተባሉ። ይህ ለኢትዮጵያዊ ልጅ ሸክም ያቀለለ ነገር ነው። ምላስን በጥርስ መካከል አውጥቶ የሚነገረው የእንግሊዝኛ ድምፅ በአማርኛ ስለሌለ፣ ተማሪው ትምህርት ቤት ሲሳቅበት የኖረው ‘ትሪ’ በሬዲዮ ላይ ትክክለኛው አጠራር ሆነለት። ነገር ግን ከተስተካከሉት ቁጥሮች መካከል ሁለት የለችም። እሷ ‘ቱ’ እንደሆነች ታለፈች።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የጆሮ ነገር ላንሳ፤ ምክንያቱም ጉዳዩ ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝኛን በእናቱ ጉያ የለመደ ሰው ‘ወደ’ የምትለዋን ‘ቱ’ ሙሉ አድርጎ አይጠራትም። ሲያወራ ‘ተ’ ብሎ በቸልታ ያልፋታል፤ ሁለት ቁጥርን ግን ረገጥ አድርጎ ‘ቱ’ ይላል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ይህ ብቻ ነው። እኛ እንግሊዝኛን ከሰሌዳ የተማርን ሰዎች ግን እያንዳንዱን ቃል ሙሉ ክብሩን ሰጥተን እንጠራለን። አማርኛ የአናባቢ ርዝመት አይለይም፤ ቃልንም እንዲያ አያላላም። ስለዚህ በእኛ አፍ መስተዋድዷና ቁጥሯ ፍጹም አንድ ናቸው። ይህ የእኛ ብቻ ሳይሆን የብዙ አገር ተናጋሪ ጠባይ ነው። በጆሮ ማዳመጫ ውስጥ በሚንኮሻኮሽ ሬዲዮ ላይ ሲሆን የአሜሪካዊውም ‘ተ’ ልዩነቷን ታጣለች።

በ1949 ዓ.ም. ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የሲ-47 አውሮፕላን ዋና አዛዥ ሆነው በረሩ፤ የአየር መንገዱ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አዛዥ እሳቸው ናቸው። የልደታ ሜዳ ግን ለሚመጣው ዘመን ጠባብ ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላን ለመነሳት ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል። አየር መንገዱ ቦይንግ 720 የተባሉትን ጄቶች ሲያዝ ልደታ እንደማይበቃ ታወቀና እ.ኤ.አ. በ1960 ቦሌ ተመረጠ። የቦሌ መንደርደሪያና መቆጣጠሪያ ማማ እ.ኤ.አ. በ1962 መጨረሻ ሥራ ላይ ነበሩ፤ ጄቶቹ በ1955 ዓ.ም. ገቡ። ልደታ ለሠራዊቱ ቀረ። ስሙ ግን በአካባቢው ላይ ታትሞ እስከ ዛሬ ‘ኦልድ ኤርፖርት’ ይባላል። አውሮፕላን የማያርፍበት አውሮፕላን ማረፊያ ስሙን በእንግሊዝኛ ይዞ መቅረቱ፣ ያ ሜዳ ለከተማዋ ምን አምጥቶ እንደነበር ያስታውሳል።

ዓለም በእነዚህ ጥቃቅን ቃላት ላይ የደነገጠው ግን ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ያስደነገጠችው ‘ቱ’ ሳትሆን ‘አት’ ናት። ‘አት’ በጥንቱ እንግሊዝኛም ነበረች፤ የላቲኑ ‘አድ’ ዘመዷ ነው። ሰው ወይም ነገር ያለበትን ነጥብ ትጠቁማለች፤ በር ላይ፣ ጣቢያው ጋ፣ በስድስት ሰዓት።

መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በካናሪ ደሴቶች፣ በግራን ካናሪያ አውሮፕላን ማረፊያ ቦምብ ፈነዳ። ወደዚያ ያቀኑ የነበሩ አውሮፕላኖች ቴኔሪፍ ደሴት ላይ ወዳለው ሎስ ሮዴዎስ የሚባል አነስተኛ ማረፊያ ተላኩ። ከእነሱ መካከል ሁለት ቦይንግ 747 ነበሩ፤ አንዱ የሆላንዱ ኬ.ኤል.ኤም.፣ ሌላው የአሜሪካው ፓን አም። ከሰዓት በኋላ መንገዱ ተከፈተና ለመመለስ ሲሰናዱ ጭጋግ ወረደ። የኬ.ኤል.ኤሙ አውሮፕላን መንደርደሪያው ጫፍ ላይ ዞሮ ቆመ፤ የፓን አሙ በዚያው መንደርደሪያ ላይ ገና በዝግታ እየሄደ ነው። ማማው ለኬ.ኤል.ኤም. ከተነሳ በኋላ የሚከተለውን መንገድ ብቻ ነገረው፤ የመነሳት ፈቃድ አልነበረም። ሆላንዳዊው ረዳት አብራሪ መመሪያውን ደገመና በመጨረሻ ‘ዊ አር ናው አት ቴክኦፍ’ አለ።

ማማ ላይ ያለው ስፔናዊ ተቆጣጣሪ ‘አት’ን እንደ መጽሐፉ ተረዳት፤ ‘መነሻው ቦታ ላይ ነን’። ‘ኦኬ’ ካለ በኋላ ቆየት ብሎ ‘ለመነሳት ጠብቁ፣ እጠራችኋለሁ’ አለ። በዚያች ቅጽበት ፓን አምም ‘እኛ ገና መንደርደሪያው ላይ ነን’ እያለ ነበርና ሁለቱ ድምፆች ተጋጩ። ኬ.ኤል.ኤም. ‘ኦኬ’ የምትለዋን ሰማ፤ የቀረው በፉጨት ተዋጠ። አውሮፕላኑ ግን ቀድሞም መንደርደር ጀምሮ ነበር። 583 ሰው አለቀ። በአቪዬሽን ታሪክ እስከ ዛሬ ያን ያህል ሰው ያለቀበት የአውሮፕላን አደጋ የለም።

አደጋውን ያመጣው አንድ ቃል ብቻ አይደለም፤ ጭጋጉ፣ ጥድፊያው፣ የካፒቴኑ ውሳኔ፣ የተጋጨው ሬዲዮ ሁሉም አሉበት። ቃሏን ግን የቋንቋ ሰዎች ሲመረምሯት አንድ ነገር አገኙ። በሆላንድኛ አንድ ሥራ በመካሄድ ላይ መሆኑን ለመናገር ከግሱ ፊት መስተዋድድ ይገባል። ረዳት አብራሪው በእንግሊዝኛ ቃል ሆላንድኛ ሳይናገር አልቀረም፤ ‘እየተነሳን ነው’ ማለቱ ነበር። ይህን ስሰማ እኔን ያስገረመኝ የአማርኛ ተናጋሪ ቢሆን ወዲያው ይገባው እንደነበር ነው። እኛ ‘በመነሳት ላይ ነን’ እንላለን። ‘ላይ’ ጠረጴዛ ላይ እንዳለው የቦታ ቃል ናት፤ ከ‘በ’ ጋር ግሱን መካከል ሲያስገቡት ግን ቦታነቷ ቀርቶ ጊዜን ትናገራለች። እንግሊዛዊ የሌለውን ይህን አሠራር ሆላንዳዊውም ኢትዮጵያዊውም አለው። ያ ማለት ደግሞ ያው ስህተት በኢትዮጵያዊ አፍም ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። ተምሮ፣ ፈተና አልፎ፣ በጭንቅ ሰዓት የሚመጣው የእናት ቋንቋ አገባብ ነው።

ከቴኔሪፍ በኋላ ሕጉ ተለወጠ። ‘ቴክኦፍ’ የምትለው ቃል ለፈቃዱና ፈቃዱን ለመሰረዝ ብቻ እንድትነገር ሆነ፤ በሌላው ጊዜ ሁሉ ‘ዲፓርቸር’ ይባላል። ‘ኦኬ’ በምትባለው ላይም እምነት ጠፋ፤ አብራሪው የታዘዘውን ቃል በቃል መድገም ግዴታው ሆነ። ‘ቱ’ን ግን ያኔም ማንም አልነካትም።

የካቲት 12 ቀን 1981 ዓ.ም. ፍላይንግ ታይገር የተባለ የአሜሪካ ጭነት አመላላሽ ድርጅት ቦይንግ 747 ከሲንጋፖር ተነስቶ ማሌዥያ ኩዋላ ላምፑር ለማረፍ ይወርድ ነበር። ገና ጎሕ አልቀደደም። ተቆጣጣሪው ወደ 2,400 ጫማ እንዲወርድ ሊነግረው ፈልጎ ‘ዲሴንድ ቱ ፎር ዜሮ ዜሮ’ አለ። ‘ውረድ፣ ሁለት አራት ዜሮ ዜሮ’ ማለቱ ነው። ካፒቴኑ ‘ቱ’ን መስተዋድድ አድርጎ ሰማት፤ ‘ወደ አራት ዜሮ ዜሮ ውረድ’። ‘ኦኬ፣ ፎር ዜሮ ዜሮ’ ብሎ መለሰ። ተቆጣጣሪው የጎደለችውን ‘ቱ’ ልብ አላለም፤ አላረመውም። አውሮፕላኑ ወደ 400 ጫማ ወረደ፤ ያ ከ120 ሜትር ብዙም የማይበልጥ ከፍታ ነው። ከፊቱ ኮረብታ ነበር። መሬት እየቀረበ መሆኑን የሚናገረው መሣሪያ ጮኸ፤ አልተደመጠም። አራቱም የበረራ ሠራተኞች ሞቱ። ከ400 ዓመት በፊት ‘ትዋ’ ‘ው’ዋን ባትጥል ኖሮ ያ ትእዛዝ በሁለት መንገድ ሊሰማ ባልቻለ ነበር።

በአማርኛ ታዝዞ ቢሆንስ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ‘ወደ’ እና ‘ሁለት’ የሚጋጩበት መንገድ የለም። ከዚያም በላይ ግን አማርኛ እዚህ ቦታ ላይ ‘ወደ’ን አይመርጥም። ‘እስከ 2,400 ጫማ ውረድ’ ነው የሚለው። ‘ወደ’ አቅጣጫ ብቻ ናት፤ ወደ ደሴ የሄደ ሰው ደብረ ብርሃን አድሮ ሊቀር ይችላል። ‘እስከ’ ወሰን ታበጃለች፤ ከዚያ በታች አትውረድ የሚል ማስጠንቀቂያ በውስጧ አለ። የእንግሊዝኛዋ ‘ቱ’ ሁለቱንም ሥራ፣ የ‘ለ’ንም ጨምራ፣ በአንድ ድምፅ ትሠራለች። ይህንን ነው የእኛ ተማሪ ሊያውቅላት የሚገባው።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ቁጥሩን መዘርዘርና መስተዋድዷን ማጠር ነው። ከፍታ ሲነገር ‘ሁለት አራት ዜሮ ዜሮ’ አይባልም፤ ‘ቱ ታውዛንድ ፎር ሀንድረድ ፊት’ ይባላል። ሺህ የምትለዋ ቃል ከፊቷ ቁጥር ስለምትሻ፣ ‘ቱ’ መስተዋድድ ናት ብሎ ለመሳሳት ቦታ አይኖርም። እንግሊዞች በራሳቸው የሬዲዮ ደንብ ሌላ ጥንቃቄ ጨመሩ፦ የበረራ ደረጃ በሚባለው የከፍታ መለኪያ ሲነገር ‘ቱ’ ጨርሳ ትቀራለች፤ በጫማ በሚነገረው ላይ ደግሞ በ‘ቱ’ እና በቁጥሩ መካከል ‘አልቲቱድ’ የሚል ቃል ይገባል። ቋንቋቸው በሺህ ዓመት ያደባለቀውን በአንድ አንቀጽ ለዩት።

እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2008 ጀምሮ ዓለም አቀፍ በረራ ላይ የሚሠራ አብራሪና የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ሁሉ የእንግሊዝኛ ፈተና ያልፋል። ደረጃው ስድስት ነው፤ አራተኛው ዝቅተኛው የሥራ ደረጃ ነው። አጠራር፣ የሰዋስው አሠራር፣ የቃላት ሀብት፣ ቅልጥፍና፣ መረዳትና መመላለስ እያንዳንዳቸው ይመዘናሉ፤ በአንዱ የወደቀ በሌላው ማካካስ አይችልም። ለአዲስ አበባ ልጆች ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። የአየር መንገዱ አካዳሚ የሚገቡት ከእነዚሁ ከልደታ፣ ከአብነት፣ ከጦር ኃይሎች፣ ከሌላውም ሰፈርና ክፍለ ሀገር ትምህርት ቤቶች የወጡ ልጆች ናቸው።

በትምህርት ቤቶቻችን መስተዋድድ የሚማረው በዝርዝር ነው። ‘ኢን፣ ኦን፣ አት፣ ቱ’ ሰሌዳ ላይ ይጻፋሉ፤ ባዶ ቦታ ሙላ ይባላል፤ ነጥብ ይሰጣል፤ ያልፋል። አስተማሪው ያለው ጊዜ አጭር፣ ተማሪው ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም የቅኔ ቤቱ ልማድ እዚህ ቢገባ እወዳለሁ፤ እያንዳንዷን ቃል ከነሙያዋ፣ ከነመጣችበት፣ ከአማርኛዋ ጓደኛ ጋር አቁሞ ማስተማር። ‘ቱ’ መቼ ‘ወደ’ ናት፣ መቼ ‘እስከ’፣ መቼ ‘ለ’? ‘አት’ መቼ ‘ጋ’ ናት፣ ‘በመነሳት ላይ’ የምንለውንስ ለምን አትሸከምም? አንድ ተማሪ ‘ዲሴንድ ቱ ፎር ዜሮ ዜሮ’ የሚለውን በወረቀት ሳይሆን በጆሮው ሰምቶ ስንት ትርጉም እንዳለው ይጻፍ። ከዚያ ጓደኛው በሬዲዮ ደንብ መልሶ ይንገረው፤ ሌላው ደግሞ በአማርኛ ይዘዘው። አንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል።